ለአምፕሊፋየር ሥራ ምን ዓይነት ኦሲሎስኮፕ ልግዛ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእጄ የሠራሁት አንድ አምፕሊፋየር ነበረኝ። ትንሽ ነው፤ ለአንድ ክፍል የሚበቃ። ስፒከር ሳይታሰርለት፣ ሙዚቃ ሳይገባበት፣ ገና ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይግላል። ማቀዝቀዣ ብረቱ ላይ ጣት አያስቀምጥም። በቴስተር ለካሁት። ፖዘቲቩ ልክ ነው። ኔጋቲቩ ልክ ነው። ወደ ስፒከሩ የሚወጣው ላይ ዜሮ ቮልት። በቴስተሩ ቋንቋ ምንም ችግር የለም። ጣቴ ግን እየተቃጠለ ነው።

ያኔ የነበረችኝ ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅን በስክሪን ላይ እንደ ሞገድ ሥሎ የሚያሳይ መሣሪያ) መዳፍ የምታክል፣ በኪት ተገዝታ ራሴ የበየድኳት ነበረች። እሷን አሰርኩበት። ቀጥ ያለ መስመር አሳየችኝ። ትንሽ ወፈር ያለ ነው፤ ግን መስመር ነው። አይሲው (ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ) ተበላሽቷል ብዬ ቀየርኩት። አዲሱም ጋለ። ደግሜ ቀየርኩ። ያም ጋለ። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ጋ ይዤው ሄድኩና በእሱ ኦሲሎስኮፕ አየነው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በአንድ ወፍራም ቀለም ተሞላ። ጊዜውን እያጠበብን ስንሄድ ቀለሙ ወደ ሞገድ ተፈታ። በሴኮንድ ወደ 2 ሚሊዮን ጊዜ (2 ሜጋኸርዝ) የሚወዛወዝ ሞገድ ነበር። አምፑ ዝም ያለ መስሎን፣ ጆሮ በማይደርስበት ፍጥነት ይጮህ ነበር። መድኃኒቱ አይሲው እግር ሥር መግባት የነበረበት ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ሆኖ ተገኘ። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል።

ይህን የማነሳው «ለኦዲዮ ሥራ የትኛውን ኦሲሎስኮፕ ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣልኝ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ድምፅ ቢበዛ 20 ኪሎኸርዝ ነው፤ ያገኘኸውን ግዛ» ይላል። ሌላው «ሜጋኸርዙ በበዛ ቁጥር ይሻላል፤ ኪስህ የቻለውን ያህል ሂድ» ይላል። የመጀመሪያው እኔን ለተደጋጋሚ ኪሳራ ዳርጎኛል። ሁለተኛው ለማትጠቀሙበት ነገር ብር ያስወጣችኋል። የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ለድምፅ ሥራ መጠነኛ ፍጥነት ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ትንሿን ቮልቴጅ አጥርቶ በሚያሳይ መሣሪያ ላይ አውሉት። ከሁሉ በፊት ግን የቤታችሁን ሶኬት አስተካክሉ። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እናየዋለን።

ስክሪኑ ላይ የምናየው

ቴስተር ቁጥር ይሰጣል፤ ኦሲሎስኮፕ ሥዕል ይሰጣል። ሥዕሉ ላይ አግድም የሚሄደው ጊዜ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ቮልቴጅ ነው። ስክሪኑ በካሬ በካሬ የተከፈለ ስለሆነ፣ አንዱን ቁልፍ ስታዞሩ አንድ ካሬ ስንት ቮልት እንደሚሆን ትመርጣላችሁ። ሌላውን ስታዞሩ አንድ ካሬ ስንት ሚሊሴኮንድ እንደሚሆን ትመርጣላችሁ።

ሦስተኛው ቁልፍ ትሪገር ነው። ሞገዱ ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ቦታ ጀምሮ እንዲሣል ያደርጋል። እሱ ባይኖር ምስሉ እየተንሸራተተ ዓይን ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የአሜሪካው ቴክትሮኒክስ ስሙን የተከለው በ1947 ባወጣው 511 በተባለው ሞዴሉ ነው፤ የዚያ መሣሪያ ትልቁ ጉልበትም ትሪገሩ ነበር። ዛሬ በጣም ርካሹም ላይ አለ። ስለዚህ ስትገዙ አያሳስባችሁ።

ስንት ሜጋኸርዝ ይበቃል?

የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ያለውን ነው። ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጫፍ እየቀነሰ ይመጣል። በዚህ ስሌት 1 ሜጋኸርዝ እንኳ ትርፍ ነው። ችግሩ አምፕሊፋየሩ የሚሠራው እኛ በምንሰማው ክልል ብቻ አለመሆኑ ነው። ውስጡ ያሉት አይሲዎችና ትራንዚስተሮች ከዚያ በላይ ይፈጥናሉ። በየቤቱ በየሱቁ የሚገኘው ኤንኢ5532 እስከ 10 ሜጋኸርዝ ድረስ ጉልበት አለው። ጉልበት ባለበት ቦታ ደግሞ፣ አሠራሩ ከተዛባ፣ ራሱን በራሱ ማወዛወዝ ይችላል። የእኔ አምፕ ያደረገው ይህንን ነው።

ሌላው ምክንያት ክላስ ዲ የሚባለው አምፕ ነው። አሁን ገበያውን የሞላው እሱ ነው። በጣት የሚያዙት ትንንሽ የብሉቱዝ አምፕ ቦርዶች አብዛኞቹ ክላስ ዲ ናቸው። ታዋቂው ቲፒኤ3116 አይሲ ለምሳሌ እንደ አሠራሩ ከ400 ኪሎኸርዝ እስከ 1.2 ሜጋኸርዝ ድረስ እየበራና እየጠፋ ነው ድምፁን የሚሠራው። ማብራትና ማጥፋቱ በካሬ ሞገድ ነው። የካሬ ሞገድ ሹል ጠርዝ በደንብ እንዲታይ ደግሞ ከራሱ ፍጥነት ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል።

ባንድዊድዝ የሚለው ቁጥር፣ ማለትም መሣሪያው እስከ ስንት ሜጋኸርዝ እንደሚያይ የሚናገረው፣ ራሱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። «20 ሜጋኸርዝ» የተጻፈበት መሣሪያ 20 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን ሞገድ የእውነተኛ ቁመቱን 70 በመቶ ያህል ብቻ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ቁመቱን በእርግጠኝነት ለመለካት ከምትለኩት ነገር ወደ አምስት እጥፍ የሚሆን ባንድዊድዝ መያዝ የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ ስንደምረው 20 ሜጋኸርዝ ለድምፅ ሥራ የሚያኖር ነው። ከ50 እስከ 100 ሜጋኸርዝ ያለው ምቾት ነው። ባለ 200 ሜጋኸርዝ ለመግዛት ብር መጨመር ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

የእኔዋ የኪት ኦሲሎስኮፕስ? ባንድዊድዟ 200 ኪሎኸርዝ ነበር። ሙዚቃ ታሳያለች፤ 1 ኪሎኸርዝ ሳይን ሞገድ አሳምራ ትሥላለች። 2 ሜጋኸርዝ ግን ከዓይኗ ውጭ ነው። ልጅ ለማስተማር፣ ሞገድ ምን እንደሚመስል ለማየት ጥሩ ናት። ጥገና ላይ ግን ያለውን የለም ትላለች። ከዚህ የከፋ መሣሪያ የለም።

ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። መሣሪያው ቮልቴጁን በየቅጽበቱ እየቀመሰ በማስታወሻው ያስቀምጣል። ማስታወሻው 10,000 ነጥብ ብቻ የሚይዝ ነው እንበል። እናንተ ስክሪኑ በሙሉ 100 ሚሊሴኮንድ እንዲያሳይ አደረጋችሁት። በዚህ ጊዜ መሣሪያው በሴኮንድ 100,000 ጊዜ ብቻ ነው የሚቀምሰው። ካርቶኑ ላይ «በሴኮንድ 1 ቢሊዮን» ቢልም ለውጥ የለውም። አሁን 401 ኪሎኸርዝ የሆነ የክላስ ዲ ትራፊ ቢገባ ስክሪኑ ላይ 1 ኪሎኸርዝ መስሎ ይወጣል። የሌለ ድምፅ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ትውላላችሁ። ስለዚህ የማስታወሻውን መጠን እዩ፤ 1 ሚሊዮን ነጥብና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። የተጠራጠራችሁትን ሞገድ ደግሞ ጊዜውን አጥብባችሁ ድጋሚ ተመልከቱት። እውነተኛ ከሆነ አይጠፋም።

ዋናው ነገር ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ነው

የድምፅ ሥራ ከሬዲዮ ወይም ከኮምፒውተር ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮፎን የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ 5 ሚሊቮልት አካባቢ ይሰጣል። ከሚክሰር የሚወጣው 1 ቮልት ገደማ ነው። የትልቅ አምፕ ውፅአት ደግሞ ጫፍ ለጫፍ 50 ቮልትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በአንድ መሣሪያ ነው የምታዩት።

አብዛኞቹ ዲጂታል ኦሲሎስኮፖች ባለ 8 ቢት ናቸው። 8 ቢት ማለት ከስክሪኑ ታች እስከ ላይ 256 ደረጃ አለ ማለት ነው። አንዱን ካሬ 5 ቮልት ብታደርጉት ስምንቱ ካሬ 40 ቮልት ይሆናል። 40 ቮልት ለ256 ሲካፈል አንዱ ደረጃ 156 ሚሊቮልት ነው። ከዚያ ያነሰ ነገር በሁለት ደረጃዎች መካከል ይጠፋል። ባለ 12 ቢት ከሆነ ደረጃው 4,096 ነው፤ አንዱ ደረጃ 10 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። 30 ቮልት በሚወዛወዝ ሙዚቃ ላይ የተቀመጠች 50 ሚሊቮልት ጭረት በመጀመሪያው አትታይም፤ በሁለተኛው ትታያለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 12 ቢት የትልልቅ ላብራቶሪዎች ነገር ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ ግን ሪጎል ዲኤችኦ804፣ ቀጥሎም ሲግለንት ኤስዲኤስ804ኤክስ ኤችዲ መጡ። ሁለቱም ባለ 12 ቢት፣ ባለ አራት ቻናልና ባለ 70 ሜጋኸርዝ ናቸው። ውጭ አገር ዋጋቸው 400 ዶላር አካባቢ ነው። በአንድ ካሬ እስከ ግማሽ ሚሊቮልት ይወርዳሉ። ለድምፅ ሥራ ከዚህ የተሻለ ዜና በቅርብ አላየሁም።

ስትገዙ በአንድ ካሬ ትንሹ ቮልቴጅ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። 1 ሚሊቮልት ወይም 2 ሚሊቮልት ከሆነ ይሠራል። ብልሃት ልንገራችሁ፤ አንዳንድ ርካሽ መሣሪያ «1 ሚሊቮልት» ይላል እንጂ 5 ሚሊቮልቱን እንደ ፎቶ አጉልቶ ነው የሚያሳየው። ቁልፉን ወደ ትንሹ ስታዞሩት መስመሩ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ከታየ አጉልቶታል ማለት ነው። በተጨማሪ 20 ሜጋኸርዝ ላይ የሚገድብ ምርጫ እንዳለው እዩ። ሚሊቮልት ስትፈልጉ እሱን ስታበሩት ከአየር የሚለቃቀመው ጫጫታ ይቀንስና መስመሩ ይቀጥናል።

ሁለት ቻናል ግድ ነው። አንዱ የሚገባውን፣ ሌላው የሚወጣውን ያሳያል። አምፑ ምን እንደጨመረና ምን እንዳበላሸ የምታውቁት ጎን ለጎን ስታዩት ነው። አራት ቻናል ቢኖር ደስ ይላል፤ ባይኖርም ሥራ አይቆምም።

ከገዛችሁት በኋላ የሚሠራላችሁ

ሁለት ምሳሌ ብቻ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው የዋት ጉዳይ ነው። ሱቅ ያለው አምፕ ሁሉ በመቶና በሺህ ዋት ነው የሚጠራው። እውነቱን ለማወቅ ስፒከሩን ንቀሉና በቦታው ሙቀት የሚችል ባለ 8 ኦም ትልቅ ሬዚስተር እሰሩ። ከስልካችሁ 1 ኪሎኸርዝ ሳይን ሞገድ ልቀቁ፤ ይህን የሚያደርጉ ነፃ አፖች ሞልተዋል። ድምፁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የሞገዱ አናት ክብ ሆኖ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። ክሊፒንግ የሚባለው ይህ ነው። ጥቂት መልሱትና ልክ ከመቆረጡ በፊት ከታች ጫፍ እስከ ላይ ጫፍ ስንት ቮልት እንደሆነ አንብቡ። ቁጥሩን በራሱ አባዙት። 8 ኦም ከሆነ ለ64፣ 4 ኦም ከሆነ ለ32 አካፍሉት። 24 ቮልት ካነበባችሁ 576 ለ64 ሲካፈል 9 ዋት ነው። ካርቶኑ ምንም ይበል፣ አምፑ 9 ዋት ነው።

በዚሁ ስሌት የመኪና ቴፕም ይፈተሻል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሁለቱም የስፒከር ገመዶች እየተወዛወዙ እንኳ፣ ስፒከሩ ላይ ጫፍ ለጫፍ ከ24 ቮልት በላይ ማድረግ አይችልም። በ4 ኦም ስፒከር 18 ዋት ነው። ሞተር ተነስቶ ቮልቴጁ 14.4 ሲሆን ደግሞ 26 ዋት ይደርሳል። ውስጡ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ክፍል ከሌለው ፊቱ ላይ የተጻፈው «4 በ50» ከዚህ አያልፍም። ሠርግ ላይ ሞንታርቦ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የተቆረጠ ሞገድ በተመሳሳይ ቁመት ካለ ንጹህ ሳይን እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይሸከማል። አምፑ ትንሽ ሆኖ ሲጨናነቅ ስፒከሩን ይጎዳዋል።

ሁለተኛው ያ የታወቀው «እምምም» የሚል ድምፅ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው «የመብራት ድምፅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ኦሲሎስኮፑን አንድ ካሬ 5 ሚሊሴኮንድ አድርጉት። ትሪገሩን «ላይን» የሚለው ላይ አድርጉት፤ ከመብራቱ ጋር እኩል ይራመዳል፤ ምስሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ካሬ ቁጠሩ። ሞገዱ በየአራት ካሬው ራሱን ከደገመ 50 ኸርዝ ነው። ከውጭ የገባ ነው፤ የገመድ መከለያ ተበጥሷል፣ ወይም ሁለት መሣሪያ በሁለት መንገድ ከመሬት ጋር ተገናኝተዋል። በየሁለት ካሬው ከደገመ፣ ቅርጹም የመጋዝ ጥርስ ከመሰለ፣ 100 ኸርዝ ነው። እሱ የፓወር ሳፕላዩ ነው። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደክመዋል። ሁለት ቀን የሚፈጅ ፍለጋ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ጥቁሯ መቆንጠጫ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የቴስተርን ጥቁር ገመድ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ። የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ (የመለኪያ ገመዱ) ጥቁር መቆንጠጫ እንደዚያ አይደለም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ኦሲሎስኮፕ ከሆነ መቆንጠጫዋ በመሣሪያው ብረት አልፋ፣ በስፒናው የመሬት መነካኪያ በኩል፣ ኧርዝ ከምንለው ሽቦ ጋር የተያያዘች ናት። የቆነጠጣችሁትን ነገር ሁሉ ከመሬት ጋር አገናኛችሁት ማለት ነው። የሁለቱ ቻናል መቆንጠጫዎችም ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው።

በመኪና ቴፕና በብዙ የክላስ ዲ ቦርድ የስፒከሩ ኔጋቲቭ ግራውንድ አይደለም። ሁለቱም ገመድ ቮልቴጅ አለው። እዚያ ላይ ከቆነጠጣችሁና አምፑ በሌላ በኩል መሬት ከነካ፣ ለምሳሌ ከኮምፒውተር በድምፅ ገመድ ከተያያዘ፣ ውፅአቱ ሾርት ሆነ። ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ሁለቱን መቆንጠጫዎች የቦርዱ ግራውንድ ላይ አድርጉ። አንዱን ፕሮብ በፖዘቲቩ፣ ሌላውን በኔጋቲቩ ላይ አኑሩ። ከዚያ መሣሪያው አንዱን ከሌላው እንዲቀንስ እዘዙት።

የፓወር ሳፕላይ መጀመሪያ ክፍል ከዚህ የባሰ ነው። 220 ቮልት በዲዮድ ሲቃና ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይሆናል። የዚያ ክፍል ኔጋቲቭ ግራውንድ ይመስላል፤ ግን በቀጥታ ከመብራቱ ጋር የተገናኘ ነው። መቆንጠጫዋን እዚያ ማሳረፍ ማለት ፍንዳታ ነው። እዚያ መለካት የግድ ከሆነ የሚጠገነው ዕቃ በአይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ዕቃውን ከመብራት መስመሩ በሚነጥል ትራንስፎርመር) በኩል ይሰካ፣ ወይም ለዚህ የተሠራ ዲፈረንሻል ፕሮብ ይገዛ። አንዳንድ ሰው የኦሲሎስኮፑን የኧርዝ ሽቦ ቆርጦ ይሠራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ያኔ የመሣሪያው ብረት፣ ቁልፉ ሥር ያለው ማያያዣ፣ እጃችሁ የሚያርፍበት ሁሉ 310 ቮልት ሊሆን ይችላል።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ የኧርዝ መነካኪያ አለው፤ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። እንዲህ ሲሆን በመሣሪያው ውስጥ ያሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች የብረቱን ቮልቴጅ ወደ መብራቱ ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት፣ ያንሳፍፉታል። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ስትነኩት ይነዝራል። ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ከመንዘር አያልፍም። ስስ አይሲን ግን ይገድላል። ስለዚህ ኦሲሎስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ የምትሠሩበትን ሶኬት ኧርዝ አስፈትሹ። ከሌለ አስቀብሩ። አንዳንዶቹ አዳዲስ መሣሪያዎች በዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ነው የሚሠሩት፤ ለእነሱ ከኋላ የመሬት ማሰሪያ ቦታ አላቸው፤ እሱን ተጠቀሙበት። በባትሪ የሚሠሩት የእጅ ኦሲሎስኮፖች ከመሬት ጋር ስላልተያያዙ ለመኪና ቴፕ ሥራ ይመቻሉ። 310 ቮልቱ ላይ ለመጠቀም ግን ገላቸውና ማያያዣቸው ለዚያ የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ፕሮቡ

ፕሮቡ ላይ 1 እና 10 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ አለ። ሰው 1 ላይ ይተወዋል፤ ሞገዱ ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ። 1 ላይ ሲሆን ግን የብዙዎቹ ፕሮብ ፍጥነት ወደ 6 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። የኬብሉ ካፓሲታንስም በምትለኩት ሰርኪዩት ላይ ይጫናል፤ ደህና የነበረው አይሲ በመለካታችሁ ብቻ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ልማዳችሁ 10 ይሁን። 1ን ለሚሊቮልት ብቻ አስቀምጡት።

የፕሮብ ጭነት ምን ማለት እንደሆነ ክራር ላይ የሚለጠፍ ፒዞ (ንዝረትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር) ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። ብዙ ልጆች ለክራርና ለማሲንቆ የሚጠቀሙባት ያቺ የነሐስ ክብ 20 ናኖፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ አላት። ባለ 10 ኪሎኦም መግቢያ ላይ በቀጥታ ስትሰኳት ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል። የክራሩ ሆድ የሚባለው ድምፅ እዚያው በታች ነው። የሚቀረው ቀጭን፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምፅ ነው። ኦሲሎስኮፑ ላይ ስታስሯት 1 ሜጋኦም ስለሚያገኛት ሙሉ ሞገዷ ይታያል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስታዩ መካከል ላይ ማጉያ እንደሚያስፈልግ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

ኦሲሎስኮፕ የማይሠራው

ጥራት መለካት። «0.01 በመቶ ዲስቶርሽን» (የሞገዱ መጣመም) የሚለውን በኦሲሎስኮፕ ማረጋገጥ አይቻልም። በዓይን ሳይን ሞገድ አይታችሁ መጣመሙን የምትለዩት ጥቂት በመቶ ሲሆን ነው። 12 ቢትም እዚያ አያደርስም። ለዚህ ባለ 24 ቢት የድምፅ ካርድ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ለቀረጻ የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ እና ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃሉ። የድምፅ ካርዱ ዲሲ አያይም፤ 2 ሜጋኸርዝም አያይም። ኦሲሎስኮፑ ትንሿን ዲስቶርሽን አያይም። ሁለቱ ይሟላሉ። የአምፕ ውፅአት ወደ ካርዱ ስታስገቡ ግን በሬዚስተር ወደ አንድ አሥረኛ አውርዱት። ያለዚያ ካርዱ ይቃጠላል።

እና ምን ልግዛ?

400 ዶላር አካባቢ ካላችሁና ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ፣ ከላይ ከጠራኋቸው ሁለት ባለ 12 ቢቶች አንዱን አስመጡ። የጉምሩኩን ነገር አስቀድማችሁ አስሉ። ከዚያ ያነሰ ካላችሁ ባለ 8 ቢት፣ ባለ ሁለት ቻናል፣ ከ50 እስከ 100 ሜጋኸርዝ የሆነ የሃንቴክ ወይም የኦዎን መሣሪያ ሥራ ይሠራል። ያገለገለ ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ ካገኛችሁም አትለፉት፤ ባለ አራት ቻናል ነው፤ ማስታወሻውም ሰፊ ነው።

ከትምህርት ቤት ወይም ከቢሮ የወጣ የድሮ አናሎግ ኦሲሎስኮፕም አልንቅም። ባለ 20 ሜጋኸርዝ የሂታቺ ወይም የሃሜግ መሣሪያ የእኔን አምፕ በሽታ በአንድ እይታ ያሳይ ነበር። ቢት የለውም፣ የውሸት ሞገድ አይሠራም፣ መስመሩ እንደ ክር ነው። ጉድለቱ አንዴ ብልጭ ብሎ የሚጠፋን ነገር ይዞ አለማስቀረቱ ነው። ስትገዙ መስመሩ ቀጭንና ደማቅ መሆኑን፣ ሁለቱም ቻናል መሥራቱን እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከኋላው 115 እና 230 የሚለውን መቀያየሪያ ሳታዩ እንዳትሰኩት። ውስጡ ከሺህ በላይ ቮልት ስላለ ክዳኑን አትክፈቱ።

ዕቃው እጃችሁ የገባ ዕለት መጀመሪያ ፕሮቡን ፊት ለፊቱ ያለው የ1 ኪሎኸርዝ ካሬ ሞገድ መስጫ ላይ እሰሩ። ፕሮቡን 10 ላይ አድርጉ። ከፕሮቡ ጋር በመጣችው ትንሽ የፕላስቲክ ካቻቢቴ ፕሮቡ ላይ ያለችውን ብሎን እያዞራችሁ የካሬው ማዕዘን ሳይሾልና ሳይከበብ ቀጥ እንዲል አድርጉ። ከዚያ ገመዱን ንቀሉና የፕሮቡን ጫፍ በጣታችሁ ንኩት። አንድ ካሬ 5 ሚሊሴኮንድ ይሁን። በየአራት ካሬው ራሱን የሚደግም ሞገድ ይወጣል። በግድግዳው ውስጥ ያለው መብራት ነው፤ ሰውነታችሁ እንደ አንቴና ተቀብሎት ነው። መሣሪያችሁ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የሰፈሩ መብራት የጠፋ ምሽት ድገሙት። መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ መብራቱ ሲመለስ ያው ሞገድ ከጣታችሁ ሥር ብቅ ይላል።